ሦስት ሽማግሌና አንድ የተጣመመ ቸርኬ

ግሽ አባይ፣ ሊነጋጋ ሲል

ቅዳሜ ነው። ባሕር ዳር ገና አልነቃችም፤ ሁለት ሦስት ባጃጅ፣ መንገድ የምትጠርግ ሴት፣ ከሐይቁ በኩል የሚመጣ እርጥብ ነፋስ፣ በቃ። እኔ ግን ነቅቻለሁ፤ መንቃት ብቻም አይደለም፣ ተናድጃለሁ። በንዴት የተጀመረ ጉዞ ወዴት እንደሚያደርስ የምታውቁ አንባቢዎቼ ከወዲሁ እዘኑልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ጌትነት የሚኒባስ ሹፌር ነው። እናትና አባታችን ካረፉ ወዲህ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ እህቱም እናቱም ነኝ፣ ቁጣዬም የሁለት ሰው ነው። ሐይቁ ዳር ካለች መንደር ትርንጎ የምትባል ልጅ ወደደ፣ እሷም ወደደችው። የመንደሯን ስም አልጽፍም፤ አማቶቻችን ሊሆኑ ይችላሉና ከወዲሁ መቀያየም አልፈልግም። የትርንጎ አባት አቶ አስረስ ግን «ልጄን ለሹፌር አልሰጥም» አሉ። ምክንያት አላቸው። ሚስታቸውን፣ የትርንጎን እናት፣ ከገበያ ስትመለስ እደጃፋቸው ላይ መኪና ገጭቶ ገደላት። ሹፌሩም አልቆመም። ይህን የሰማ ሰው ምን ብሎ ይከራከራቸዋል?

ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክን። ሽማግሌ የመጣበትን ቆሞ ይናገራል፣ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። የእኛዎቹ ሁለቱንም ጊዜ ቆመው ተናግረው፣ ቆመው ሰምተው፣ በቆሙበት እግራቸው ተመለሱ። ዛሬ ሦስተኛው ነው። አቶ አስረስ «ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ኑ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አትምጡብኝ» ብለዋል። ዛሬ እምቢ ካሉ አለቀ ማለት ነው። ጌትነት ይህን ከሰማ ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም፤ የሠራሁለትን ሽሮ እያየ ነው የሚያቀዘቅዘው።

ልጅ የሚያስጠይቅ ወንድ ሽማግሌዎቹ በሄዱበት ደጅ ዝር አይልም፣ ነውር ነው። ስለዚህ በትንሿ ነጭ መኪናዬ የምነዳው እኔ ነኝ። ጌትነት መስኮቱን ይዞ ቆመ።

«እታለም፣ ስኮርታውን አየሽው?» አለኝ። ተጠባባቂ ጎማውን ማለቱ ነው። መቼም በተነሣሁ ቁጥር የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው።

«አይቼዋለሁ» አልሁት። አላየሁትም።

«ቀስ ብለሽ ንጂ።»

«ሂድ ወዲያ!» አልሁና ተነሣሁ። ይህ ልጅ ሲነዳ አብራችሁት ብትሄዱ ትገነፍላላችሁ። ተሳፋሪ «ኧረ ንዳው!» ብሎ ሲጮህበት «እሺ» ይልና በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል። ተራ አስከባሪዎቹ በሱ ስቀው አይጠግቡም።

ዘንዘልማ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ

ሽማግሌዎቼን ላስተዋውቃችሁ። ከፊት ከጎኔ የተቀመጡት ጋሼ ሙሉጌታ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ክራባት ያሰሩ፣ የዛሬው ተናጋሪ። ከኋላ መርጌታ ላቀው ከነጋቢያቸው ሁለት ሰው ያህል ቦታ ይዘዋል። ከእሳቸው ጎን የሐይቁ ዳር ሰው፣ ታንኳ ሠሪው ሐጂ ኑርዬ አሉ። አባታችንን ያውቁት ነበርና «ለሱ ልጅማ እኔው ነኝ የምቆምለት» ብለው ነው የመጡት።

ዘንዘልማ ላይ መርጌታ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«የሺ ልጄ፣ እዚህች ጋ አቁሚ። አንድ ልቅሶ አለብን።»

«መርጌታ፣ ቀጠሮ አለን እኮ!»

«ለአንድ አፍታ ነው። ድንኳኑን እያየን በደጃቸው ብናልፍ ምን እንባላለን? ሽማግሌ ተብለን?»

ወረዱ። ሦስቱም። ለአንድ አፍታ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ዘንዘልማን በቃሌ አጠናሁ፦ ትናንት ጤፍ የነበረበት ማሳ ላይ የቆመ ብሎኬት፣ ጫት የጫነ ባጃጅ፣ በር ሳይኖረው ቁልፍ ያለው ግቢ፣ «የሚሸጥ ቤት» የሚል ጽሑፍ ገና ባላለቀ ቤት ላይ። አንዲት ሴት ሽንኩርት በመደብ ዘርግታ «ልመዝንልሽ?» ትለኛለች። ዋጋውን ስሰማ ሽንኩርቱን ሳልልጠው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ሽማግሌዎቼ ንፍሮ በልተው፣ ሟቹን አስታውሰው፣ የሟቹን ወንድም ከሟቹ ባለቤት ጋር ስለ አጥር አስታርቀው ወጡ። አዎ፣ አስታርቀው! አልተጠየቁም።

ጋሼ ሙሉጌታ ተቀምጠው ሰዓታቸውን አዩና ደነገጡ።

«ምነው የሺ! ረፍዷል እኮ! ንጂ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ?»

እንዲያው ምን ልበላቸው? መሪውን ነከስሁት ብል ይሻላል።

ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ

የጎንደሩን መንገድ ይዘን ሄድንና ወደ ግራ፣ ወደ ጠጠሩ ታጠፍን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ሩዙ አረንጓዴ፣ ሰማዩ የታጠበ፣ በስተግራ ጣና አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ ይላል። ደንገሉ መሐል ነጫጭ ወፎች ቆመዋል፤ ከዳር እንቦጩ አልጋ ልብስ መስሎ ተነጥፏል። ገበያተኛው ወደ ከተማ እየወጣ ነው፦ አህያ ከነሽንኩርቱ፣ ዓሣ በእንጨት ያንጠለጠለ ጎልማሳ፣ ዶሮ ያቀፈች ሴት። ሌላ ቀን ቢሆን ቆሜ ፎቶ አነሣላችሁ ነበር።

«ንጂ» ይላሉ ጋሼ ሙሉጌታ።

«እየነዳሁ ነው።»

«ሰውየው ቀጠሮ አፈረሱ ብሎ ቢወጣስ? መኪናሽ ከዚህ በላይ አይሄድም እንዴ?»

«ታንኳዬ ይቀድመን ነበር» አሉ ሐጂ ከኋላ እየሳቁ። «ነግሬያችሁ ነበር፣ በውኃ እንሂድ ብዬ።»

እኔ ደግሞ ተነካሁ። ሰው በታንኳ ሲያንጓጥጣችሁ ዝም ትላላችሁ? ረገጥሁት። መንደሩ ታየ፣ የቤቱ ቆርቆሮ አብረቀረቀ፣ የባሕር ዛፎቹን አለፍን፣ ጋሼ ሙሉጌታ «ደረስን፣ ተመስገን» ብለው ክራባታቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ ዷ!

ጉብታው ላይ

ጉብታ ነው። ምልክት የለው፣ ቀለም የለው፤ ከድንጋይና ከሸክላ አፈር ተሠርቶ መንገዱን ከዳር እዳር ዘግቶ የተጋደመ፣ መልኩ መንገዱን የመሰለ። ሽማግሌዎቹ ባለፈው ጊዜ ሲመጡ አልነበረም። መኪናዋ ዘለለች፣ የመርጌታ ጥምጣም ኮርኒሱን ነካ፣ ሐጂ «ያ አላህ!» አሉ፣ እኔ የተናገርሁትን አልጽፈውም።

ከመንገዱ ልወጣ ቀስ ብዬ ወደ ኋላ፣ ወደ ባሕር ዛፎቹ ጥቂት ነዳሁ። መሪው ወደ ግራ ይጎትተኛል፣ እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ጎማው በዞረ ቁጥር «ቧ፣ ቧ» ይላል። ወርጄ አየሁት። የፊት ግራው ነው። ጎማው የተጠለቀበት ብረት፣ ቸርኬው፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጣጥፏል። ጎማው ደግሞ በጎኑ እንደ ብጉንጅ አብጧል። ጌትነት እየጨቀጨቀ ያስተማረኝ ነገር አለ፦ ጎማ ካበጠ የውስጥ ክሩ ተበጥሷል፣ መቼ እንደሚፈነዳ አይታወቅም፣ አይነዳም። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቀይሮ መሄድ።

ግልጽነቱ ለእኔ ነው። ሦስት ሽማግሌ ባለበት ምን ግልጽ ነገር አለ?

«ችኩል ፍርድ አይበጅም» አሉ መርጌታ ጋቢያቸውን እያጣፉ። «ሁሉም የሰማውን ይናገር።»

ጋሼ ሙሉጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ፊት ስለነበርሁ ድምፁን በቅርብ ሰምቻለሁ። የቀኙ ጎማ ነው።»

«ጋሼ፣ ይኸው ግራው ተጣሞ እያዩት!»

«አንቺ የምታይው ውጤቱን ነው። መነሻው ከቀኝ ነው።»

ሐጂ ኑርዬ ጠጠር አንሥተው ቸርኬውን ቆረቆሩት፤ ጆሯቸውን አስጠግተው እንደገና ቆረቆሩት። «ተሰንጥቋል» አሉ።

«ሐጂ፣ ብረት ነው እኮ፣ ታንኳ አይደለም።»

«የተሰነጠቀ ነገር ሁሉ ድምፁ አንድ ነው፣ ልጄ።»

በዚህ መሐል አንድ ባጃጅ ቆመ። ነጂው ሳይወርድ፣ አንገቱን ብቻ አውጥቶ፣ «ቴስቲናው ሄዷል፤ አለቀላችሁ» ብሎን ሄደ። ቴስቲና መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ ነው፤ እሱ ከሄደ መኪናዋ ለጥ ያለ ሜዳ ላይም አትታዘዝም። ሽማግሌዎቼ ተደናገጡና ለሁለት ተከፈሉ። እኔ ክሪኩን አውጥቼ መኪናዋን አነሣኋት። ጎማውን በሁለት እጄ ይዤ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ናጥሁት። ንቅንቅ የለም።

«ቴስቲናው ደህና ነው፤ ጎማውን የሚያዞረው ኩሽኔታም ደህና ነው። ቸርኬውና ጎማው ብቻ ነው የተጎዳው» አልሁ።

«መቼም» አሉ መርጌታ፣ «ሐሳባችን ገና ስላልተስማማ ይህን ነገር ለጊዜው ብናሳድረው?»

«ጎማ ያድራል እንዴ መርጌታ!»

ስኮርታውን ከኋላ ከዕቃ መጫኛው አወጣሁት። ልሙጡ ጎማ እጄ ላይ እንደ ባዶ ከረጢት ሙሽሽ አለ። አየር የሚባል የለውም። ሦስቱም አዩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱም በአንድ ሐሳብ ተስማሙ።

ጌትነት ዘንድ ደወልሁ።

«እታለም፣ ስኮርታው...»

«ጌትነት፣ እንዳትናገረኝ! ለእኔ መኪና ልክ የሆነ ጎማ ከነቸርኬው ከጎሚስታው ተዋስና ይዘህ ና። መንደሩ ውስጥ ግን እንዳትገባ፤ ባሕር ዛፎቹ ጋ ትቆማለህ። እንዳያዩህ!»

«እሺ» አለ። ያቺ የታወቀችው እሺ።

አሁን ደግሞ አዲስ ምክክር ተጀመረ። አቶ አስረስ ሹፌር የማይወዱ ሰው ናቸው፤ የሹፌሩ እህት ደጃቸው ላይ ቸርኬ እስኪታጠፍ ድረስ ነድታ እንደመጣች ካዩ ምን ይላሉ? ጋሼ ሙሉጌታ መኪናዋ ከዛፎቹ ጀርባ ትደበቅ አሉ፤ ገፍተን ደበቅናት። መርጌታም ጋቢያቸውን አውልቀው የተጎዳውን ጎማ አለበሱት።

«ጎማው ብርድ ብርድ ብሎታል ልንል ነው?» አልሁ።

«ካልጠየቀን አንናገርም» አሉ ጋሼ ሙሉጌታ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቶ አስረስ ግቢ

አቶ አስረስ በር ላይ ቆመው ነው ያገኘናቸው። ረዥም፣ ከሲታ፣ የማይስቅ ፊት። ግቢያቸው ተጠርጓል፣ ቃሪያው በመደብ ተተክሏል፣ ቤቱ በር ላይ ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። ከንፈሯ ደርቋል። አንዴ አየችኝና ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች።

ሽማግሌዎቹ በመስመር ቆሙ፤ እኔ ሴት ስለሆንሁ ወደ አጥሩ ጠጋ አልሁ። ጋሼ ሙሉጌታ ክራባታቸው ላይ ግሪስ አለ፤ እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት።

«ረፈደባችሁ» አሉ አቶ አስረስ።

«ልቅሶ ነበረብን» አሉ መርጌታ። እውነት ነው።

«ከልቅሶው በኋላስ? ዷ ያለው ምንድን ነው?»

ካልጠየቀን አንናገርም ብለው ነበር፤ ይኸው ተጠየቁ። ጋሼ ሙሉጌታ ወደ ሰማይ፣ መርጌታ ወደ መሬት፣ ሐጂ ወደ ሐይቁ አዩ። ልቤ ፈላ። የልቅሶው፣ የታንኳው፣ የቀኙ ጎማ፣ የባዶው ስኮርታ፣ ሁሉም አንድ ላይ ወጣ።

«ምን ይሆናል?» አልሁ ከአጥሩ ሥር። «ምልክት የሌለው፣ ቀለም የሌለው ጉብታ ነዋ! ያንን የሠራ እጁ ይድረቅ!»

አቶ አስረስ ሁለት እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው አሳዩኝ። ሸካራ፣ አፈር የጠገቡ፣ ጣቶቻቸው የተሰነጣጠቁ።

«እነዚህ ናቸው» አሉ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ትርንጎ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ሚስቴ የሞተችው እዚያው ቦታ ላይ ነው» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ለሚመለከተው አመለከትሁ፣ አመለከትሁ፤ ሲሰለቸኝ በገዛ እጄ ሠራሁት። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ሽማግሌ ናችሁ፤ ልጄን ልትጠይቁኝ ነው የመጣችሁት፤ እናንተ እንኳ እንዲህ ከሆናችሁ ሥራው መንዳት የሆነውማ እንዴት ይሆናል?»

ጋሼ ሙሉጌታ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጡ። የተዘጋጁበትን ያማረ ንግግር የሚጀምሩ መስሎኝ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ልቅሶ ያስረፈድን እኛ፣ ንጂ ንጂ እያልሁ ያጣደፍኋት እኔ።»

«ያጣደፏት እርስዎ፣ የረገጠው እግር ግን የእሷ ነው።»

«የእኔ ነው» አልሁ። «የእኔ እግር ነው፣ ጋሼ አስረስ። የወንድሜ እግር ግን አይደለም። እሱን በኔ አይመዝኑት። እሱ ሲነዳ...» ማልቀስ ጀመርሁ፤ ተናድጄ ነው፤ ስናደድ አለቅሳለሁ። «እሱ ሲነዳ ቀርፋፋ ነው! እዚህ አገር እንደሱ ያለ ቀርፋፋ የለም!»

ልጅ ሲጠየቅ እንዲህ ያለ ምስክርነት ተሰምቶ አያውቅም መሰለኝ። መርጌታ አሳላቸው።

አቶ አስረስ እሺም እምቢም ሳይሉ ወደ በሩ ሄደው መንገዱን እያዩ ቆሙ። ሽማግሌዎቹም እንደቆሙ ቀሩ።

መጠበቅ

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ጋሼ ሙሉጌታ ክብደታቸውን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መርጌታ ጋቢያቸውን ጎማው ለብሶባቸው በቀሚስ ብቻ ቆመዋል። ሐጂ ብቻ ናቸው ደህና የሚመስሉት፤ ሲቀዝፉ የኖሩ ሰው ናቸው።

ደጋግሜ ደወልሁለት። ጌትነት አያነሣም። ሲነዳ ስልክ አያነሣም፤ ሞቼ ብደውልለት እንኳ አያነሣም። ከከተማው እስከዚህ ሌላ ሰው ሁለቴ በተመላለሰ ነበር። ኧረ የት ነው ያለኸው? ኧረ አንተ ልጅ! ዕድሜህ እዚህ ግቢ ውስጥ በሦስት ሽማግሌ ጉልበት ላይ ቆሞ እየጠበቀህ ነው!

በመጨረሻ ሚኒባሱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ባጃጅ ቀደመው። ሌላ ባጃጅ ቀደመው። የፈረስ ጋሪ ቀደመው፤ እመኑኝ፣ ጋሪ! ባሕር ዛፎቹ ጋ ደረሰ። እዚያ ቁም ብዬው ነበር፤ ግን መኪናዬ ከዛፎቹ ጀርባ ተደብቃለች፤ አላያትም። አለፋት። ወደ መንደሩ፣ ወደ ደጁ፣ ቀጥታ ወደ ነውሩ መጣ።

«አበላሸው» አሉ መርጌታ በለሆሳስ።

ጉብታው ጋ ሲደርስ ቆመ። ከፊቱ አንዲት ሴት ጀርባዋ ላይ ጭነት አዝላ፣ አህያዋን እየነዳች ከገበያ ትመለሳለች። ጌትነት ሞተሩን አጠፋ። አጠፋ! ሴትየዋ ቀስ እያለች መጣች፣ አህያዋ ጉብታው ላይ እምቢ አለች፣ ታገለቻት። እኔ ጥፍሬን መዳፌ ውስጥ ቀበርሁት። ሰላም አለችው መሰለኝ፣ እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ መለሰላት። አለፈች። ወርዶ ጉብታውን አየ፣ የኔን ፍትጊያ ምልክት በእጁ ዳሰሰ፣ ግራ ቀኝ አየና ተመልሶ ገባ። ከዚያ የተኛ ሕፃን አልጋ ላይ እንደሚያስተኛ ሰው ሚኒባሷን አንድ ጎማ፣ አንድ ጎማ እያለ አሳለፋት።

አቶ አስረስ ሳይንቀሳቀሱ ነው ያዩት።

«እዚህ ቆሜ እንደማየው ያውቃል?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«አያውቅም። መንደሩ ውስጥ እንዳይገባ ነበር የነገርሁት።»

ሴትየዋ አህያዋን እየነዳች በፊታቸው አለፈች፤ «እንደምን ዋላችሁ» አለች፤ እሳቸው ግን እስክትርቅ በዓይናቸው ሸኟት።

«ጠበቃት» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ ግቢው ዞሩ። «ትርንጎ።»

«አቤት አባዬ።»

«ወንበር አምጪላቸው።»

ወንበሮቹ ከበሩ ጀርባ ተደርድረው ነበር ለካ። መቼ እንዳመጣቻቸው እንጃ፤ ምናልባት ከጠዋት ጀምሮ። ጋሼ ሙሉጌታ ወንበሩ መሬት ሳይነካ ተቀመጡበት፤ መርጌታ ሊመርቁ ጀምረው ዕንባ አቋረጣቸው፤ ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

ምርቃቱ ሲያልቅ እኔ ወደ መንገዱ ሮጥሁ። ጌትነት መኪናዬን አግኝቷት፣ ጋቢውን ከጎማው ላይ ገፍፎ፣ ያመጣውን ጎማ ቀይሮ፣ የወጣውን የታጠፈ ቸርኬ እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

«እታለም፣ ስንት ላይ ነበርሽ?»

«ወንበር አስመጡላቸው» አልሁት።

ቡሎን መፍቻው እጁ ላይ ቀረ። ከዚያ ፊቱን ወደ ጎማው መልሶ፣ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገና ያሰራቸውን ቡሎኖች እንደገና ከመጀመሪያው አንድ በአንድ ማጥበቅ ጀመረ።

«ኧረ ፍጠን፣ እየጠበቁህ ነው!» አልሁ።

«እሺ» አለ።